«ቢያምር ኖሮ ይሰማ ነበር» ለሚሉት፦ ስለ ተረሱት የሰባዎቹ የሶል ሸክላዎች

ሰሞኑን በሙዚቃ ወዳጆች መካከል ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። አማርኛው ጥሩ ነው። ጸሐፊው ቀልድም ያውቃሉ። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ታትመው ሰሚ ያጡ የሶል (ሶል የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ነው) ዘፈኖችን ዛሬ እየቆፈሩ ማውጣት የሥራ ፈት ጨዋታ ነው። ጥሩ ጥሩው ያኔውኑ ተለይቷል። ማርቪን ጌይ አለ፣ ስቲቪ ዎንደር አለ፣ አሪታ ፍራንክሊን አለች፣ አል ግሪን አለ። የቀረው ገለባ ነው። ገለባውን የሚያነሱትም ብርቅነቱን እንጂ ሙዚቃውን ወደው አይደለም። ቀረጻው ደካማ ነው፤ ዘፋኞቹ ኮራጆች ናቸው፤ ትርፉም ለነጭ ሰብሳቢዎች ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ «እኛ ኢትዮጵያውያን እዚህ ውስጥ ምን አለን?» ብለው ይዘጋሉ።

አንዳንዱ ነጥብ እውነት አለው። አብዛኛው ግን የለውም። ተራ በተራ ልሂድበት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ዋናው ክርክራቸው የመጀመሪያው ነው። ዘፈኑ ጥሩ ከነበረ ለምን አልተሰማም? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ችግሩ፣ ጸሐፊው በዚያ ዘመን አንድ ዘፈን እንዴት ወደ ሰው ጆሮ ይደርስ እንደነበር አንድም ቦታ አለማንሳታቸው ነው።

እስቲ እንየው። መካከለኛ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ዘፋኝ ያገኛል እንበል። ገንዘብ ይበደራል። ስቱዲዮ ለጥቂት ሰዓት ይከራያል። ሁለት ዘፈን ይቀዳል፤ አንዱ ለሸክላው ፊት፣ ሌላው ለጀርባው። አምስት መቶ ወይም አንድ ሺህ ቅጂ ያሳትማል። ከዚያ ሸክላውን መኪናው ላይ ጭኖ ከሬዲዮ ጣቢያ ሬዲዮ ጣቢያ፣ ከሸክላ መሸጫ ሸክላ መሸጫ ይዞራል። ዲጄው ካልወደደው አበቃ። ዲጄው ወዶት በእጁ ጠቀም ያለ ነገር ቢጠብቅም አበቃ። ለዲጄ ገንዘብ መስጠት በሕግ የተከለከለ ነበር፤ በተግባር ግን ብዙ ቦታ የተለመደ ነበር።

አሁን ደግሞ ዘፈኑ ተወደደ እንበል። ሰውየው ዳነ? ላይድን ይችላል። ሌላ ከተማ ያለ አከፋፋይ ብዙ ሺህ ቅጂ ያዝዛል። ፋብሪካው ሳይከፈለው አያትምም። አከፋፋዩ ደግሞ የሚከፍለው ከወራት በኋላ ነው፤ ያውም ከከፈለ። ትናንሽ ሸክላ አሳታሚ ቤቶችን ከገደሏቸው ነገሮች አንዱ የገዛ ዘፈናቸው መወደድ ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው «ያልተሰማው ስለማያምር ነው» ብሎ በአንድ መስመር አይዘጋም።

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮን እንውሰድ። ቢል ሞስ የሚባል የሬዲዮ ሰው በ1970 ካፕሶል የሚል ሸክላ አሳታሚ ቤት እዚያ አቋቋመ። ጥቂት ዓመት ሠርቶ ተዘጋ። ቢል ሞስ በኋላ የከተማው የትምህርት ቦርድ አባል ሆኖ ነው ብዙ ሰው ያወቀው። ካፕሶል ካሳተማቸው ውስጥ የማሪዮን ብላክ «ሁ ኖውስ» አለ። ጆንሰን፣ ሆኪንስ፣ ቴተም ኤንድ ደር የሚባሉ አራት ሰዎች የዘፈኑት «ዩ ካንት ብሌም ሚ» አለ። ስማቸው የጠበቆች ቢሮ ይመስላል፤ ድምፃቸው ግን ሌላ ነው። እነዚህን ዘፈኖች ከኮሎምበስና ከአካባቢው ውጭ የሰማቸው ብዙ አልነበረም። በ2002 አርጄዲ2 የሚባለው፣ ከድሮ ሸክላ እየቆረጠ አዲስ ሙዚቃ የሚሠራ፣ እሱም የኮሎምበስ ልጅ፣ የማሪዮን ብላክን ድምፅ ቆርጦ አዲስ ሥራው ውስጥ አስገባው። በ2004 ደግሞ የቺካጎው ኑሜሮ ግሩፕ የካፕሶልን ሥራዎች ሰብስቦ በአንድ አልበም አወጣ። ኑሜሮ እነዚህን የተረሱ ቤቶች እየፈለገ የሚያሳትም ድርጅት ነው፤ የመጀመሪያ ሥራውም ይህ ነበር። ዘፈኖቹ ከ1970ዎቹ እስከ 2004 አንድ ኖታ አልተቀየረባቸውም። የተቀየረው መድረሻቸው ነው።

ጸሐፊው «ያ የትናንሾቹ ችግር ነው፤ ትልቅ ቤት የገባ ግን ይሰማል» ይሉ ይሆናል። ስታክስን ይመልከቱ። የሜምፊሱ ስታክስ ትንሽ አልነበረም። ኦቲስ ሬዲንግ የዘፈነበት፣ አይዛክ ሄይስ የነገሠበት ቤት ነው። በ1972 ከትልቁ የሸክላ ድርጅት ከሲቢኤስ ጋር የማከፋፈያ ውል ፈረመ። ብዙ ሳይቆይ ነገሩ ተበላሸ። የስታክስ ሰዎች ሸክላችን ታትሞ ሱቅ አልደረሰም እያሉ ሲጮኹ ኖሩ። በታኅሣሥ 1975 ስታክስ ከሰረ። በእነዚያ ዓመታት የወጡት የስታክስ ዘፈኖች ሱቅ ውስጥ ካልተገኙ ማን ሊገዛቸው ነው? ገዢ በሌለበት እንዴት ተብሎ ነው «ሕዝብ ያልወደዳቸው» የሚባሉት?

የታወቁትም ቢሆን ስንቶቹ ለጥቂት ተርፈዋል። ቢል ዊዘርስ በ1971 ያወጣው «ኤይንት ኖ ሰንሻይን» የሸክላው ጀርባ ላይ የተቀመጠ ዘፈን ነበር። ፊት ለፊት የተሰጠው ሌላ ነው። ዲጄዎች ሸክላውን ገልብጠው ስለተጫወቱት ዛሬ ዓለም ያውቀዋል። ባይገለብጡትስ? ዘፈኑ ያው ነበር። የእኛ ጸሐፊ ግን ገለባ ውስጥ ይመድቡት ነበር።

የሲል ጆንሰን ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። ሲል ጆንሰን በሰባዎቹ መጀመሪያ ሜምፊስ ሄዶ ሃይ በሚባለው ቤት ከአዘጋጁ ከዊሊ ሚቸል ጋር መቅዳት ጀመረ። ስቱዲዮው አንድ፣ አጃቢዎቹ አንድ፣ አዘጋጁ አንድ። ጣጣው እዚያው ቤት አል ግሪን የሚባል ሰው መኖሩ ነው። ለአል ግሪን የሚሄደው ጉልበትና ገንዘብ ለሲል አይተርፍም። በ1975 «ቴክ ሚ ቱ ዘ ሪቨር»ን ሲል ጆንሰን ዘፍኖት በአር ኤንድ ቢ፣ ማለትም በጥቁሮች ሙዚቃ፣ የተወዳጅ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ከፍ ብሎ ወጣ። ዘፈኑ መጀመሪያ የአል ግሪን ነው። ዛሬ ዘፈኑ ሲነሣ የሲልን ስም የሚጠራ ጥቂት ሰው ነው። እኔ ሁለቱንም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የአል ግሪን ይበልጣል ብል ቅር አይለኝም፤ ግን ልዩነቱ አንዱን ንጉሥ ሌላውን ገለባ የሚያደርግ አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ ብርቅነት ነው። ሰዎች የሚወዱት ዋጋውን ነው ይላሉ። እዚህ ላይ ማስረጃቸው ጥሩ ነው። እንግሊዝ አገር፣ በተለይ በሰሜኑ የፋብሪካ ከተሞች፣ ያልታወቁ የአሜሪካ ሶል ሸክላዎችን እያደኑ ሌሊቱን ሙሉ የሚጨፍሩ ወጣቶች ነበሩ። ኖርዘርን ሶል ይባላል። ታዋቂው የጭፈራ ቤት ዊጋን ካሲኖ ነው፤ በ1973 ተከፍቶ በ1981 ተዘጋ። ዲጄዎቹ ተፎካካሪ ዘፈኑን ለይቶ እንዳያገኘው የሸክላውን ስም በወረቀት ሸፍነው፣ የሐሰት ስም ሰጥተው ያጫውቱ ነበር። ዋጋውም ያሳብዳል። የፍራንክ ዊልሰን አንድ የ1965 ሸክላ በ2009 ከ25 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሸጧል። ይህን እብደት ነው ቢሉ አልከራከርም። እኔ ሸክላ ማጫወቻም የለኝ።

ግን ጸሐፊው ሁለት ነገር ዘለሉ። አንደኛ፣ ዊጋን ካሲኖ ውስጥ አልኮል አይሸጥም ነበር። ሰው እዚያ የሚሄደው ለመጨፈር ነው። ወለሉ ላይ ታልክ ፓውደር ነስንሰው ይሽከረከራሉ፣ ይገለበጣሉ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቀን ፋብሪካ ሲሠራ የዋለ ልጅ ሸክላው ስንት ያወጣል ብሎ አይጨፍርም። ዘፈኑ እግሩን ካላነሣው ወለሉ ባዶ ይሆናል፤ ዲጄው ሁለተኛ አያጫውተውም። ያ ጭካኔ የተሞላበት ፈተና ነው። ብዙ ብርቅዬ ሸክላ እዚያ ወድቋል።

ሁለተኛ፣ ዛሬ ብርቅነት የሚባል ነገር ለሰሚው የለም። የፍራንክ ዊልሰንን ዘፈን አሁን ስልክዎን አውጥተው በነፃ መስማት ይችላሉ። ካፕሶልም እዚያው አለ። ፍቅሩ የብርቅነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉም በእጃችን ሲገባ ይሞት ነበር። አልሞተም። እንዲያውም ሸክላ አይተው የማያውቁ ልጆች ናቸው ዛሬ እነዚህን ዘፈኖች የሚያዳምጡት።

ሦስተኛው ነጥባቸው ቀረጻ ነው። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ምክንያቱም የእነዚህ ዘፈኖች ጣዕም በአብዛኛው ያለው እዚህ ነው።

ጸሐፊው የሰባዎቹን ሶል የሚለኩት በፊላደልፊያ ነው። አዘጋጆቹ ጋምብልና ሃፍ በ1971 ያቋቋሙት አሳታሚ ቤት፣ ፊላደልፊያ ኢንተርናሽናል፣ በቫዮሊን የታጀበ፣ የተስተካከለ፣ እንደ ሐር የሚንሸራተት ድምፅ ነበረው። እኔም እወደዋለሁ። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የትናንሽ ቤቶች ቀረጻ ሻካራ ነው፤ ድራሙ ቅርብ፣ ዘፋኙ አንዳንዴ ከማይክሮፎኑ የራቀ፣ ተቀባዮቹ ግማሽ ምት ዘግይተው የሚገቡበት ነው። እውነት ነው። «ስለዚህ ደካማ ነው» የሚለው ግን ከየት መጣ?

አል ግሪን የቀዳበት የሜምፊሱ ሮያል ስቱዲዮ አሮጌ ሲኒማ ቤት ነው። የስታክስም እንዲሁ። ሞታውን የሚባለው ትልቅ አሳታሚ ቤትም ዲትሮይት ሳለ ስቱዲዮው መኖሪያ ቤት ውስጥ ነበር። እኛ «ክላሲክ» የምንለው ድምፅ ራሱ ከማይመች ክፍል የወጣ ነው። ክፍሉ በዘፈኑ ውስጥ ይሰማል። ሰው በክፍሉ ውስጥ ቆሞ እንደዘፈነ ይታወቅዎታል።

ቲሚ ቶማስን ይስሙ። በ1972 «ዋይ ካንት ዊ ሊቭ ቱጌዘር»ን ማያሚ ውስጥ ሲቀዳ የነበረው አንድ ኦርጋንና ኦርጋኑ ላይ የተገጠመ የምት ማሽን ነው። ባስ ጊታር የለም። ጊታር የለም። ድራመር የለም። ጸሐፊው ቢሰሙት «ያልተጠናቀቀ ነው» ይሉ ነበር። ያው ያልተጠናቀቀ ነገር ቢልቦርድ በሚባለው መጽሔት ዋናው የተወዳጅ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ሦስተኛ ወጣ። በ2015 ደግሞ ድሬክ «ሆትላይን ብሊንግ»ን የሠራው በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ነው። ባዶነቱ ነው የያዘን። ዘፋኙ ምንም የሚደበቅበት ነገር የለውም።

ከዚህም በላይ የወረደ ቀረጻ አለ። ፔኒ ኤንድ ዘ ኳርተርስ «ዩ ኤንድ ሚ» የሚል ዘፈን እዚያው ኮሎምበስ ውስጥ በሰባዎቹ መጀመሪያ ቀድተዋል። ለሙከራ የተቀዳ ነው። አንድ ጊታር፣ የአንዲት ልጅ ድምፅ፣ ከኋላ ወንድሞቿ። በቃ። በጊዜው በሸክላ እንኳ አልታተመም። ቴፑ የተገኘው ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ዕቃው ሲሸጥ ነው። ኑሜሮ በ2007 ሲያሳትመው ዘፋኞቹ እነማን እንደሆኑ አያውቅም ነበር። በ2010 «ብሉ ቫለንታይን» ፊልም ውስጥ ገባ። ዘፋኞቹ ማንነታቸው የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ልጅቱ ያደገች ሴት ሆና በሕይወት ነበረች፤ ዘፈኗ ፊልም ላይ እንዳለ አታውቅም። የዘፈኑ ደራሲ ግን ይህን ሳያይ ሞቷል።

አሁን ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ይህንን ነው። ያን ዘፈን ፊላደልፊያ ወስደን ሠላሳ ቫዮሊን ብንጨምርበት ይሻሻላል? እኔ አይመስለኝም። የልጅቱ ድምፅ ወደ ከፍታው ሲወጣ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ወንድሞቿ ሲቀበሏት ቤት ውስጥ እንደለመዱት ነው የሚቀበሏት። ጥሩ አቀናባሪ ቢያገኛቸው ይህን ነበር መጀመሪያ የሚያጸዳው።

ሁሉም እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም። በነዚህ የስብስብ አልበሞች ውስጥ አሰልቺ ዘፈን ሞልቷል። ከሃያው ስምንቱን አልፌ የምሄድበት አልበም አለኝ። አሳታሚዎቹም ከአልበሙ ጋር በሚወጣው ጽሑፍ እያንዳንዱን ያልተሳካለት ዘፋኝ የተረሳ ሊቅ ማድረግ ይወዳሉ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ግን የታዋቂዎቹንም አልበሞች እስከ መጨረሻ ሰምተው ያውቃሉ? እዚያም ለመሙላት የገባ ዘፈን አይጠፋም።

«ኮራጆች ናቸው» የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ስቲቪ ዎንደር በ1962 በሬይ ቻርልስ ዘፈኖች አልበም ሠርቷል። ማርቪን ጌይ በ1965 ለናት ኪንግ ኮል መታሰቢያ ሙሉ አልበም አውጥቷል፤ መሆን የፈለገው እሱን ነበር። አል ግሪንም ሲጀምር የሌሎችን ድምፅ ይከተል ነበር፤ በራስህ ድምፅ ዝፈን ያለው ዊሊ ሚቸል ነው። ሁሉም በመኮረጅ ጀመረ። ልዩነቱ፣ አንዳንዱ አራተኛና አምስተኛ አልበም የመሥራት ዕድል አገኘ፣ ሌላው ሁለት ሸክላ አሳትሞ ገንዘቡ አለቀ። ስቲቪ በልጅነቱ በሠራው ቢመዘን ኖሮ እሱም ኮራጅ ነበር።

ደግሞ ሁሉም አልኮረጀም። ሹጊ ኦቲስ በ1974 «ኢንስፒሬሽን ኢንፎርሜሽን»ን ሲያወጣ ሃያ ዓመቱ ነው። አብዛኛውን መሣሪያ ራሱ ተጫውቷል፤ የምት ማሽንም ተጠቅሟል። አልበሙ አልተሸጠም፤ አሳታሚው አሰናበተው። እሱ ያሳተመውን «ስትሮበሪ ሌተር 23» ብራዘርስ ጆንሰን በ1977 ደግመው ሲዘፍኑት ግን ትልቅ ተወዳጅ ሆነ። ያው ዜማ፣ ያው ግጥም። አዘጋጁ ኩዊንሲ ጆንስ ነበር፤ ከኋላ ያለው ገንዘብም ሌላ ነበር። ማን ማንን እንደኮረጀ እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ።

ከሁሉ የከበደው ነጥባቸው የትርፉ ጉዳይ ነው። ጥቁሮች ዘፈኑ፣ ነጮች ሰብስበው ከበሩበት ይላሉ። ይህን በቀልድ ማለፍ አይቻልም።

እንደገና ወደ ሲል ጆንሰን እንመለስ። የሱ «ዲፈረንት ስትሮክስ» የ1967 ዘፈን ነው። የሂፕ ሆፕ ሰዎች ከድራሙና ከጩኸቱ ቆርጠው ስንት ቦታ እንዳስገቡት ለመቁጠር ያስቸግራል። አንዳንዱ ከፈለው። ሌላው አልከፈለውም፤ ሰውየውም ፍርድ ቤት ሄደ። የሂፕ ሆፕ ቡድኑን ሳይፕረስ ሂልን ከስሶ ተሸነፈ። ምክንያቱ ሕጉ ነው። በአሜሪካ ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 1972 በፊት የተቀዳ ድምፅ በፌዴራሉ የቅጂ መብት ሕግ አይጠበቅም ነበር። ይህ የተስተካከለው በ2018 ነው። ኬንየ ዌስትንና ጄይ-ዚን ከስሶ ግን በ2012 በስምምነት ጨርሷል። በመካከሉ ኑሮውን የገፋው ቺካጎ ውስጥ የዓሣ ምግብ ቤቶች ከፍቶ ነበር። አስቡት፣ ድምፁን ዓለም እየሰማው ዓሣ ይጠብሳል።

እንግዲህ በዳዩ ማነው? ሲልን የጎዳው እንደገና መታተሙ አይደለም። የጎዳው ያኔ የፈረመው ውልና ከሕጉ ውጭ መቅረቱ ነው። ኑሜሮ በ2010 ሥራዎቹን በአንድ ትልቅ ስብስብ አሳተመ። ስብስቡ ለግራሚ ታጨ። ሽማግሌው እንደገና መድረክ ላይ ቆሞ ዘፈነ። በ2022 ሲሞት ታላላቅ ጋዜጦች ጻፉለት። መርሳቱን ከመረጥን ከዚህ ውስጥ የትኛውን ሊያገኝ ነበር?

ይህ ማለት አሳታሚ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ያለ ፈቃድ እያባዙ የሚሸጡ ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ዘፋኙን ሳይፈልጉ፣ ወራሽ ሳይጠይቁ። እነዚህን ጸሐፊው ቢወቅሱ አብሬያቸው እወቅሳለሁ። ግን መድኃኒቱ ተፈላልጎ ውል መፈረምና መክፈል ነው። ዘፈኑን መልሶ ሣጥን ውስጥ መክተት ዘፋኙን አያበላውም።

«የነጭ ሰብሳቢ ጨዋታ» የሚለውም ግማሽ ታሪክ ነው። ሎስ አንጀለስና ደቡብ ካሊፎርኒያ ይሂዱ። ከሜክሲኮ የሚወለዱ አሜሪካውያን፣ መኪናቸውን ዝቅ አድርገው ቀስ ብለው የሚነዱት ሎውራይደሮች፣ ለስላሳውን ሶል ለልጅ ልጅ አስተላልፈውታል። የሸክላ ጀርባ ላይ የቀሩ የፍቅር ዘፈኖች እዚያ ሞተው አያውቁም። አርት ላቦ የሚባል የሬዲዮ ሰው እስከ 2022፣ በ97 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ፣ የዘፈን ምርጫ ይቀበል ነበር። እስር ቤት ላለ ባል፣ ሩቅ ላለች እናት ዘፈን ይመረጣል። እነዚህ ሰዎች ሐራጅ ላይ አይገኙም። ሠርቶ አዳሪ ናቸው። ጸሐፊው ስለ ሰብሳቢዎች ሲጽፉ ስለነሱ አንድ መስመር አለመጻፋቸው ገርሞኛል።

በመጨረሻ «እኛ ምን አለን?» ወደሚለው። እኛማ አለን። የኛም ድምፃውያን ያን ዘመን አሜሪካን እየሰሙ ነው ያደጉት። ዓለማየሁ እሸቴ የኢትዮጵያው ጀምስ ብራውን የተባለው በከንቱ አይደለም። እናስታውስ ደግሞ፣ ሸክላ ማሳተም በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ሙዚቃ ሻጭ በ1969 አዋጁን ጥሶ ማሳተም ጀመረ። እስከ 1975 ድረስ መቶ ያህል ባለ 45 ሸክላ አወጣ። ደፍሮ ባያሳትም ኖሮ ዛሬ «የወርቃማው ዘመን» የምንላቸው ስንት ዘፈኖች አይኖሩም ነበር። ያኔ አንዱ ተነሥቶ «ቢያምሩ ኖሮ ይታተሙ ነበር» ሊል ነው?

ኃይሉ መርጊያም አለ። የዋልያስ ባንዱ ኦርጋኒስት አሜሪካ ቀርቶ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነድቷል። በ1985 ያወጣው ካሴት በ2013 በውጭ አገር እንደገና ታተመ፤ እሱም እንደገና ወደ ዓለም መድረኮች ወጣ። ይህን ስናይ በደስታ አጨብጭበናል። ለማሪዮን ብላክ ወይም ለሲል ጆንሰን ሲሆን «ገለባ» የምንልበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተው። ጸሐፊው በጽሑፋቸው ውስጥ ከነዚህ ከተረሱት ዘፈኖች አንዱንም በስም አልጠሩም። ስለዚህ ሦስት ልምረጥላቸው። የካፕሶሉን «ዩ ካንት ብሌም ሚ»፤ የአትላንታው ሊ ሞሰስ በ1971 ያወጣውን «ታይም ኤንድ ፕሌስ»፤ የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢው ዳሮንዶ የዘፈነውን «ዲድንት አይ»። ዳሮንዶ በሰባዎቹ መጀመሪያ ሦስት ሸክላ ብቻ አሳትሞ ጠፋ፤ ሥራዎቹ ተሰብስበው የታተሙት በ2006 ነው። ሊ ሞሰስ ደግሞ በ1998 ሲሞት የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር። ሦስቱም ተደምረው ሩብ ሰዓት አይሞሉም። ከሰሙ በኋላም ገለባ ናቸው ካሉ ይጻፉ፤ አነባለሁ፣ እመልሳለሁም። ሊ ሞሰስ ማንን ነው የኮረጀው እንደሚሉ ግን ከወዲሁ ለመስማት ጓጉቻለሁ።